በእኛ ሸክላዎች የተሠራው፣ እኛ ግን ያልሰማነው አልበም

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን በ2009 የወጣ አንድ የሂፕሆፕ አልበም ነው፤ «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» ይባላል። ካልተናገርኩ በቀር ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አልበሙን የሠራው ኦ ኖ በሚል ስም የሚታወቀው የኦክስናርድ፣ ካሊፎርኒያ ቢት ሠሪ ነው፤ ቢት ሠሪ ማለት ከቆዩ ቅጂዎች ቁራጭ እየወሰደ ለሂፕሆፕ የሚሆን ሙዚቃ (ቢት) የሚያቀናብር ሰው ነው። አልበሙ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ ግጥም የሚያወርድ ራፐር አትጠብቁ። አጫጭር ቢቶች ተደርድረው አንዱ ሳይጠገብ ሌላው ይተካዋል። ጥሬ ዕቃው ደግሞ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተቀረጸው የእኛው ዘመናዊ ሙዚቃ ነው፤ ኦርጋኑ፣ ሳክስፎኑ፣ የጊታሩ ዋህዋህ፣ አልፎ አልፎም የዘፋኞቹ ድምጽ።

አዳራሹ ውስጥ ቢት የምትሠሩ ወጣቶች ስላላችሁ ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በስድስት የሚቆጠረውን ምታችንን በአራት ከሚቆጠረው ሂፕሆፕ ጋር ማስማማት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ አልበም የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ብዙ ሰዓት የምንቆየውም እዚያው ላይ ነው።

ስለ ሰውየው ጥቂት። የተወለደው ከሙዚቀኛ ቤት ነው። አባቱ ኦቲስ ጃክሰን የሶል ዘፋኝ፣ አጎቱ ጆን ፋዲስ የታወቀ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች፣ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ቢት ሠሪው ማድሊብ ነው፤ ከራፐሩ ኤምኤፍ ዱም ጋር በ2004 የሠራውን አልበም የማያውቅ የሂፕሆፕ አድማጭ ጥቂት ነው። ኦ ኖ ራሱ አንድ የቆየ ልማድ አለው፤ አንድ የሙዚቃ ክምችት ይመርጥና አልበሙን ሙሉ ከዚያ ብቻ ያወጣል። በ2006 የአቀናባሪውን የጋልት ማክደርሞትን ሥራዎች ብቻ ወስዶ አንድ አልበም ሠራ። በ2007 ደግሞ ከቱርክ፣ ከሊባኖስ፣ ከግሪክና ከጣሊያን ሸክላዎች «ዶክተር ኖስ ኦክስፔሪመንት»ን አወጣ። ራፐሩ ሞስ ዴፍ በ2009 ባወጣው አልበም መክፈቻ ላይ የቱርካዊቷን የሴልዳ ባጃንን ድምጽ የሰማችሁት በኦ ኖ ቢት አማካይነት ነው። «ኢትዮፒየም» የዚህ መንገድ ቀጣይ ነው።

ታዲያ ለምን ተረሳ? አንደኛው ምክንያት ዓመቱ ነው። በ2009 የዓለም ጆሮ ወደ እኛ ሙዚቃ የዞረው በራሱ በሙላቱ አስታጥቄ በኩል ነበር። ሙላቱ ከለንደኑ ባንድ ከሄሊዮሴንትሪክስ ጋር የሠራው አልበም በዚያው ዓመት ወጣ፤ የቆዩ ሥራዎቹም ተሰብስበው ታተሙ። በማግስቱ ዓመት ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚየን ማርሊ ከሙላቱ «የግሌ ትዝታ» የተቆረጠ ዘፈን ይዘው መጡ፤ ሁለት ትልልቅ ስሞች፣ ወዲያው የሚያዝ ዜማ፣ ከላዩም ራፕ። ዘፋኝ የሌለው፣ ለሬዲዮ የሚሆን ዘፈን የማታገኙበት አልበም በእነዚህ መሐል ተዋጠ። ሁለተኛው ምክንያት ከእኛ ነው። የሂፕሆፕ አድማጮቻችን ራፕ ስለሌለው አለፉት፤ የድሮ ሙዚቃ ወዳጆች ደግሞ ዘፈኑን ቆራርጦ አበላሸ ይላሉ ብዬ አስባለሁ። ሁለቱም ወገን ደግሞ ቢሰማው መልካም ነው።

ወደ ጥሬ ዕቃው እንግባ፤ የቢቱ ጠባይ የሚወሰነው ከዚያ ነው።

አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬኮርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ሲጀምር ሸክላ ማሳተም በሕግ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ መብት ነበር፤ እሱ ደፍሮ ገባበት። ካይፋ ሬኮርድስ ቀጥሎ መጣ። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ልጆች ናቸው፤ ትንፋሽ መሣሪያው ያን ያህል የሠለጠነና የተጣበቀ የሆነውም በወታደር ቤት ዲሲፕሊን ስላደገ ነው። አብዛኞቹ ዘፈኖች በ45 ዙር ሸክላ የወጡ ናቸው፤ አንድ ፊት ላይ አንድ ዘፈን። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው፤ በ70ዎቹ መጨረሻም ሸክላው ቀርቶ ዘመኑ የካሴት ሆነ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፓሪሱ አሳታሚ በቡዳ ሙዚክ የቆዩ ሸክላዎቻችንን በተከታታይ የሚያሳትመውን «ኢትዮፒክስ»ን ማውጣት ባይጀምር ኖሮ አንድ የካሊፎርኒያ ሰው ይህን ሁሉ በቀላሉ አያገኘውም ነበር።

ለቢት ሠሪ ዋናው ጉዳይ አቀራረጹ ነው። ባንዱ በአንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ዘፋኙም አብሮ፣ በአንድ ትንፋሽ ይቀረጽ ነበር። ቤዙ ለብቻው፣ ድራሙ ለብቻው የሚወጣበት መስመር የለም፤ ሁሉም ተጣብቋል። ስለዚህ ቁራጭ የሚገኘው ባንዱ ራሱ ቦታ በለቀቀበት ብቻ ነው። ያ ደግሞ በዚያ ዘመን ዘፈኖች ውስጥ በሦስት ቦታ ይገኛል፤ ዘፋኙ ሳይገባ ባለው መግቢያ፣ በሁለት ቤት መካከል ትንፋሽ መሣሪያው በሚመልስበት፣ እና መጨረሻ ላይ ድምጹ እየቀነሰ በሚጠፋበት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሆኖም ተጫዋቾቹ የሚፈነጥዙት እዚያ ነው፤ ድምጹ ቢቀንስም ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎ መመለስ ይቻላል፤ የሸክላው ሹክሹክታ ግን አብሮ ከፍ እንደሚል እወቁት።

አሁን ዋናው ችግር። ችክችካ 6/8 ነው፤ በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ ዙር ቆጠራ፣ ስድስት ምት አለው። ሂፕሆፕ 4/4 ነው፤ በአንድ ባር አራት ምት። ስድስቱን ዝም ብሎ በአራቱ ላይ የሚጭን ሰው ሁለት ባር ሳይሄድ ኪኩ (በእግር የሚመታው የድራሙ ትልቅ ከበሮ) አንድ ቦታ፣ ከበሮው ሌላ ቦታ ይወድቅበታል። መፍትሔው በቁጥር ሲታይ ግልጽ ስለሚሆን ቀስ ብለን እናስላው።

አንድ ችክችካ ውሰዱና እግራችሁ በደቂቃ 120 ጊዜ መሬት ይመታል እንበል። በአንድ ባር እግር ሁለት ጊዜ ይመታል፤ በእያንዳንዱ የእግር ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ። ባሩ ስድስት ትንንሽ ምት ሆኖ ልክ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ አንዷ ትንሽ ምት የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ናት።

ወደ ሂፕሆፕ ተሻገሩ፤ 90 ቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 90 ምት። ባሩ አራት ምት ነው፣ ጠቅላላ 2.67 ሰከንድ። ቢት ሠሪ እያንዳንዱን ምት ለአራት ይከፍላል፣ ባሩ 16 ቤት፣ ማለትም 16 እኩል ክፍል፣ ይኖረዋል። 2.67ን ለ16 አካፍሉት፤ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ! የችክችካዋ ትንሽ ምትና የሂፕሆፑ አንድ ቤት ርዝመታቸው እኩል ነው። ሸክላውን ማዘግየትም ማፍጠንም አያስፈልግም፤ የሚጎድለው አቆራረጡ ብቻ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የእግሩን ምት ቁጥር በሦስት አራተኛ አባዙት። 120 ከሆነ 90፣ 112 ከሆነ 84፣ 128 ከሆነ 96።

አቆራረጡስ? 16 ቤት መሙላት አለብን። ሁለት ሙሉ የችክችካ ባር 12 ይወስዳል። አራት ይቀራል። ከሦስተኛው ባር የመጀመሪያዎቹን አራት ምቶች ወስዳችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ትጥላላችሁ። ስድስት፣ ስድስት፣ አራት። የተለመደው ኪክ በ1ኛውና በ9ኛው ቤት፣ ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ሹል ድምጽ ያለው ከበሮ) በ5ኛውና በ13ኛው ይገባል። ቁራጮቻችን የሚጀምሩት በ1፣ በ7 እና በ13 ነው። ልብ በሉ፤ ሦስተኛው ቁራጭ የሚጀምረው ልክ ሁለተኛው ስኔር በሚያርፍበት ቤት ላይ ነው። በመሐል ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፣ ይሳባል፣ ጆሮ መሬት ያጣ ይመስለዋል፤ 13ኛው ላይ ሁለቱ ይገናኙና ሁሉም ነገር ቦታው ይገባል። ያ በየባሩ የሚደጋገመው መጥፋትና መገናኘት ጭንቅላት የሚያስነቀንቀው ነገር ነው።

ቦታውን መቀያየርም ይቻላል፤ አራቱን መጀመሪያ ወይም መሐል ማድረግ። የሚወስነው ዜማው ነው። ዜማው ከባሩ በፊት በትንሽ መንደርደሪያ የሚጀምር ከሆነ ከባሩ የመጨረሻዎቹን አራት ውሰዱ እንጂ የመጀመሪያዎቹን አትውሰዱ፤ አለዚያ መንደርደሪያው ተቆርጦ ዜማው የተደናቀፈ ይመስላል።

ሌላው መንገድ ማዘግየት ነው። ሁለት የችክችካ ባር እንደ አንድ የሂፕሆፕ ባር ይቆጠርና ከ120 ወደ 90 ይወርዳል። እንደ ሸክላ በፍጥነቱ ካወረዳችሁት ድምጹም አብሮ ወደ አምስት ግማሽ ድምጽ ይወርዳል። ቴነር ሳክስፎን ይህን ይችለዋል፣ እንዲያውም እንደ ባሪቶን ይገዝፋል። የሰው ድምጽ ግን እንቅልፍ የያዘው ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚሠራው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሃይሃቱን (የድራሙን ጥንድ ጸናጽል) እንደተለመደው በየምቱ አራት አራት መተው። ከሥር ያለው ሙዚቃ በየምቱ ሦስት እየቆጠረ ከላይ አራት ሲቆጠር ይንኳኳል። ሃይሃቱን ሦስት ሦስት አድርጉት፣ ወይም አውጡት። ኮምፒውተሩ ድምጹን ሳያወርድ ያዘግየው የምትሉ ደግሞ ከ6 እስከ 8 በመቶ ድረስ ብቻ ሂዱ። ከዚያ ካለፈ የዘፋኞቻችን ድምጽ መርገብገብ መጀመሪያ ይጨማለቃል፤ ውበቱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ከቁጥሩ እወጣለሁ። እነዚያ ድራመሮች በማሽን ቆጣሪ አልተጫወቱም። ስምንት ባር ሲሄዱ ፍጥነታቸው ትንሽ ይጨምራል፤ አዝማቹ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ ስምንት ባር አንድ ላይ ለክታችሁ አታካፍሉ። እያንዳንዱን ባር ለየብቻ ቁረጡና በመጀመሪያ ምቱ አስቀምጡት። ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ቢቀር ተዉት፣ ባንዱ እየተነፈሰ ነው።

አሁን እንግዲህ «ኢትዮፒየም»ን ስትሰሙ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። መጀመሪያ በአራት፣ ድራሙን ተከትላችሁ። ቀጥሎ በስድስት፣ ከሥር ያለውን ሙዚቃ ተከትላችሁ። አንዳንዱ ቢት መጀመሪያውኑ ከ4/4 ፈንክ የተወሰደ ስለሆነ ሁለተኛው ቆጠራ አይገጥምም፤ እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ቆጠራው ገጥሞ እንደገና የሚያመልጥባቸውን ነው ደጋግማችሁ መስማት ያለባችሁ።

ወደ ቅኝቱ ልለፍ። ብዙ ጥሩ ቁራጭ የሚበላሸው በተጨመረው ቤዝ ነው። ሂፕሆፕ ሠሪ ጣቱ ወደ ሚነር ይሄዳል፤ ከዶ ተነስቶ ሚን እና ሲን በግማሽ ዝቅ አድርጎ ይጫወታል። አምባሰልን ተመልከቱ፤ ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ላ። ሁለቱም የሚነር ድምጾች እዚህ የሉም። ቤዙ እነሱን በነካ ቁጥር አምባሰሉ ይጠፋና ተራ ያዘነ ሙዚቃ ይሆናል። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ቤዙ ዶ እና ሶል ላይ ቢቆም ይበቃል፤ የቀረውን ሸክላው ይናገራል። አንቺሆዬ ግን ሌላ ነው፤ ሶሉም በግማሽ ዝቅ ብሏል። በልማድ ሶልን ስትመቱ ከዜማው ጋር በግማሽ ድምጽ ይፋጫል፣ አድማጭ ምክንያቱን ባያውቅም ይሸሻል። እዚያ ዶ እና ፋ ላይ ቆዩ።

መቃኛውንም አትርሱ። የዘመኑ ቅጂዎች ከዛሬው መለኪያ ትንሽ ወጣ ይላሉ፤ ሸክላ ማጫወቻው ወይም ካሴቱ ፍጥነቱን ካልጠበቀ ደግሞ ይብሳል። ቤዛችሁን ለሸክላው ቃኙ። ሸክላውን ለቤዙ ከቃኛችሁት የክራርና የማሲንቆ ድምጾች በመሣሪያችሁ ላይ ካሉት መሐል ስለሚገኙ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይወጣል።

በኦ ኖ ሥራ ላይ የማደንቀው የጆሮውን ትዕግሥት ነው። ሙዚቃው እንዲሞላ ብሎ ብዙ አይደርብም። ከባድ ድራም ያስገባል፣ ሸክላው የራሱን ቀለም እንዲያወጣ ይተዋል። ድካሙም አለ። ድራሙ በብዙ ቢቶች ላይ በአንድ ዓይነት ክብደት ስለሚወርድ አልበሙን በአንድ ቁጭታ መጨረስ ያደክማል፤ ከአሥር አሥር ቢት በላይ በአንድ ጊዜ ባትሰሙ እመክራለሁ። ደግሞ የዘፋኝ ድምጽ ሲቆርጥ ቋንቋውን እንደማያውቅ ይታወቅበታል። ለአሜሪካዊ አድማጭ ድምጹ ቀለም ብቻ ነው። ለእኛ ግን አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ስንኙ ከግሡ በፊት ሲቆረጥ ማን ምን እንዳደረገ ሳናውቅ እንንጠለጠላለን፣ ያም በየባሩ ይደጋገማል። እናንተ ይህን ማስተካከል ትችላላችሁ፤ ወይ እስከ ግሡ ድረስ ውሰዱ፣ ወይ ቃል የሌለበትን «እሰይ»ና «አሃ»ውን ብቻ አንሱ።

ስለ ሸክላው ጠባይም ጥቂት ልበል። የሸክላ ጫጫታ በዘፈን ውስጥ ይወደዳል፤ በሉፕ (እየዞረ በሚደጋገም ቁራጭ) ውስጥ ግን አንዲት ጭረት ራሷ ምት ትሆናለች። በ90 ቢፒኤም የአንድ ባር ሉፕ በደቂቃ 22 ጊዜ ይዞራል፤ ጭረቷም 22 ጊዜ ጠቅ ትላለች። ጎልቶ የሚሰማውን አንዱን ጭረት በእጅ አጥፉት፣ የቀረውን ሹክሹክታ ተዉት። ሁሉንም በማጽጃ ፕሮግራም ካጠባችሁት የጸናጽሉ ጫፍ አብሮ ይታጠባል። ስትቆርጡ ሞገዱ ዜሮ በሚያልፍበት ቦታ ቁረጡ፣ ዳርና ዳሩን በ5 ሚሊሰከንድ አለስልሱት፤ አለዚያ ሌላ ጠቅታ ትፈጥራላችሁ። የድሮው ኪክና ቤዝ ከአዲሱ ጋር እንዳይጋጭ ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ከቁራጩ ላይ አንሱ። ከ200 በላይ ግን አትውጡ፣ የትሮምቦኑ ደረት እዚያ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው የክፍሉ ገደል ማሚቶ ነው። ቁራጩ ሲያልቅ ማሚቶው ድንገት ይዋጣል፣ ሰው ሲናገር አፉን የያዙት ያህል ይሰማል። ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ሁለቱን ቁራጮች አደራርባችሁ አሳልፉ፣ ወይም መጋጠሚያው ላይ ስኔር አስቀምጡ። በስድስት፣ ስድስት፣ አራት አቆራረጥ ስኔሩ 13ኛው ላይ መዋሉ እዚህም ያገለግላል፤ ትልቁን ስፌት ይሸፍነዋል።

የመብቱን ጉዳይ ሳላነሳ ብወርድ ትክክል አይሆንም። በዚህ ዓይነት አልበሞች ላይ ትሮምቦኑን የነፋው፣ ኦርጋኑን የተጫወተው ሰው ስም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ እናንተ ልትደግሙትም አይገባም። አገራችን በ1996 በእኛ አቆጣጠር ያወጣችው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የዜማውንና የግጥሙን ባለቤት፣ ተጫዋቹንና የድምጽ ቅጂውን አሳታሚ ለየብቻ ያውቃቸዋል። የደራሲው መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። የዜማውን ባለቤት አስፈቀድኩ ማለት ቅጂውን አስፈቀድኩ ማለት አይደለም፤ ሲዲ ገዝታችሁ ወይም ኢንተርኔት ላይ አግኝታችሁ መቁረጥም ፈቃድ አይሆንም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቢት ወረቀት ያዙ፤ የዘፈኑ ስም፣ ዘፋኙ፣ ዜማና ግጥም ደራሲው፣ አሳታሚው፣ የሸክላው ቁጥር፣ ከስንተኛው ሰከንድ እስከ ስንተኛው እንደወሰዳችሁ። ከዓመት በኋላ ከየት እንደቆረጣችሁት አታስታውሱትም። ፈቃድ ካልተገኘ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ ሐሳቡን ወስዳችሁ አዲስ ዜማ ለባንድ አስጫውቱና እሱን ቁረጡ። የዘፈኑን ዜማ መልሳችሁ ካስጫወታችሁ ግን የደራሲው ፈቃድ አሁንም ያስፈልጋል።

ለማነጻጸር የሚሆኑ ሸክላዎች ለምትፈልጉ ከ«ኢትዮፒክስ» ሦስቱ ይበቃሉ። አራተኛው የሙላቱ ነው፣ ለ4/4 ፈንክና ለጊታር። ሰባተኛው የማሕሙድ አሕመድ ነው፣ ባንድና ድምጽ እንዴት እንደሚጠላለፉ ለመስማት። አሥራ አራተኛው የጌታቸው መኩሪያ ነው፤ ሳክስፎኑ ሽለላና ፉከራ የሚያወጣበት። የመጨረሻው ለቢት ሠሪ ከባዱ ነው፤ ጌታቸው ምቱን እየጎተተና እየለቀቀ ስለሚሄድ ከላይ ያሰላነው 16 ቤት ብዙ ጊዜ አይይዘውም። እሱን የምትሞክሩ በባር መቁረጡን ተዉትና በትንፋሽ ቁረጡ፤ ትንፋሽ ከሚስብበት እስከሚቀጥለው ድረስ አንድ ቁራጭ አድርጉ፣ ከሥሩ ድራሙን ለእሱ አስተካክሉ።

ድምጽ ማጉያው ተዘጋጅቷል። በቅድሚያ አንድ ችክችካ እናሰማና አብረን በስድስት እንቆጥራለን፤ ከዚያ በስክሪኑ ላይ ስድስት፣ ስድስት፣ አራት አድርገን እንቆርጠዋለን። ላፕቶፕ የያዛችሁ አብራችሁ ሥሩ፣ ፍጥነቱን 90 ላይ አድርጉት።